መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ምግቡስ?

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂም ሆነ በሻሸመኔ፣ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕመምተኛ ባለበት ቤት መድኃኒቱ በተጀመረ በወሩ ገደማ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣል፤ ሳሉም ጋብ ብሎለታል፤ ታዲያ ሥጋው ምነው አልመለስ አለ?» ጎረቤት መልስ አያጣም። «ስለማይበላ ነው» ይላል፤ ጥሬ ሥጋ፣ ትኩስ የታለበ ወተት፣ ጥሬ እንቁላል በማር ያዝዛል። ጤና ጣቢያም መልስ አለው። የቲቢ ክፍሉ በር ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ብዙ ነውና ባለሙያዋ ቀና ብላ «አይዞህ፣ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፤ በደንብ ብላ» ትልና ካርዱን ትመልስለታለች። ጎረቤት ምግቡን ከመድኃኒቱ ያስቀድማል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ምግቡን እንደ መሰነባበቻ ቃል በር ላይ ይናገረዋል።

እኔ በሁለቱም አልስማማም። መክሳት ከነቀርሳው ጋር መጥቶ ከነቀርሳው ጋር በራሱ የሚሄድ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ራሱን ችሎ ሰው የሚገድል የበሽታው ክፍል ነው። እንደ አክታው ሊመረመር፣ እንደ ሳንባው ሊታከም ይገባዋል። የመክሳቱ መድኃኒት ደግሞ ምግብ ነው። የቲቢን ክኒን መንግሥት በነፃ እየሰጠ፣ ከክኒኑ ጋር የሚሄደውን ምግብ ግን ሥራ ላቆመና የቤት ኪራይ ለከበደው ሰው «በደንብ ብላ» ብሎ መተው ግማሹን ሕክምና ሰጥቶ የቀረውን ሒሳብ ለታማሚው መላክ ነው።

የበላው የት ይሄዳል?

የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲራባ የሰውነት ተከላካይ ሕዋሶች ሊዋጉት የሚለቋቸው ኬሚካሎች አሉ። እነዚሁ ኬሚካሎች ወደ አንጎል ደርሰው የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ትኩሳትም ይቀሰቅሳሉ። ማታ ማታ አንሶላ የሚያርሰው ላብ የዚህ ውጤት ነው፤ ትኩሳቱ ተኝቶ ያለ ሰው እንኳ ጉልበት እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ሦስተኛው ነው። ጤነኛ ሰው የበላውን ፕሮቲን ጡንቻ ይገነባበታል፤ የነቀርሳ ሕመምተኛ ሰውነት ግን ከዚያው ፕሮቲን ብዙውን እንደ ማገዶ ያቃጥለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በግድ ቢበላም እንኳ ሚዛኑ ላይነቃነቅ ይችላል። እናት ወይም ሚስት «ያበሰልኩትን እየበላ ይከሳል» ስትል እውነቷን ነው፤ ታማሚውም አልሰነፈም። ጎረቤት እንደሚለው በሽታውን በምግብ ብቻ መርታት የማይቻለውም ለዚህ ነው። ቅድሚያ የባክቴሪያው ቁጥር መውረድ አለበት፤ እሱን የሚያወርደው ደግሞ ክኒኑ እንጂ ቁርጥ አይደለም።

ክኒኑ ሥራውን ሲጀምር፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ ፍላጎት ይከፈታል። ሕመምተኛው ሌሊት ሳይቀር ይርበዋል። የተዘጋው በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ መሶቡ ባዶ የሚሆነው በዚሁ ሰዓት ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ የነበረ ሰው ወይም ባቱ አበባ እርሻ ውስጥ በቀን ሒሳብ ትሠራ የነበረች ሴት ከታመሙ ወራት አልፏቸዋል፤ ያጠራቀሙት ለምርመራና ለመመላለሻ ወጥቷል። ሒሳቡን እንየው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ፣ ክብደቱ 46 ኪሎ ላይ የወረደ ሰው ከከሲታነት መስመር በላይ ለመውጣት ወደ 53 ኪሎ ተኩል መድረስ አለበት። አንድ ኪሎ ሥጋ ለመመለስ ከዕለት ፍጆታ በላይ በግምት 7 ሺሕ ኪሎ ካሎሪ ይፈልጋል። በስድስቱ የሕክምና ወራት ሲካፈል በቀን ወደ 300 ይመጣል። 300 ኪሎ ካሎሪ ማለት 50 ግራም ያህል የተቆላ ኦቾሎኒ፣ አንድ ጥሩ እፍኝ ነው። በጣም ሩቅ ነገር አይደለም። ግን በየቀኑ፣ ከምሳና ከእራት ሳይቀነስ፣ ለስድስት ወር መገኘት አለበት።

ሚዛኑ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድን ጨምሮ አራቱ መድኃኒቶች አንድ ላይ የተጠቃለሉበት ክኒን የሚታዘዘው በኪሎ ነው፤ ከ30 እስከ 39 ኪሎ ላለ ሰው በቀን ሁለት፣ ከ40 እስከ 54 ላለ ሦስት፣ 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነ አራት። ከ38 ኪሎ ተነሥቶ 41 የገባች ሴት ክኒኗ ካልተጨመረላት ከሚገባት በታች እየዋጠች ነው። ሚዛን ላይ የሚወጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከነጃኬቱ፣ ከነቆዳ ጫማው፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው። ባለፈው ወር በሸሚዝ ተመዝኖ ዛሬ በጃኬት ቢመዘን አንድ ኪሎ ተኩል «ጨምሯል»፤ ካርዱ ላይም ይጻፋል። ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳት አዲስ ቀዳዳ ከካርዱ ይልቅ እውነቱን ትናገራለች። ሁለት ወር ሞልቶት ምንም ያልጨመረ ሰው ሲገኝ ደግሞ ምክር መድገም አይበቃም፤ አክታው እንደገና ይታይ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዳይሆን ይጣራ፣ ኤችአይቪና ስኳር ይመርመር። አለመጨመር የሕክምና መረጃ ነው።

ይህን የክሳት መረጃ አክብሮ የተነሣ ሥራ እዚሁ በአካባቢያችን ተሠርቷል። ከስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ አምስት ጤና ጣቢያዎች ከ800 በላይ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ አዋቂዎችን ተከታትለው ነበር። ማን ላይ ነቀርሳ እንዳለ በቀላሉ ለመገመት ካወጧቸው አምስት መለኪያዎች አንዱ የክንድ ዙሪያ ነው፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጨምራል። መለኪያ ሜትር ብቻ ይበቃል። በሽታውን ለመለየት ያገለገለው ልኬት በሽታው ከተለየ በኋላ መረሳቱ ነው የሚገርመኝ።

ከማድራስ የመጣው እምነት

«ክኒኑ ብቻ ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ ከሰማይ አልወረደም፤ ጠንካራ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 በደቡብ ሕንድ ማድራስ ከተማ የተጀመረ ጥናት ሕመምተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ሳናቶሪየም በሚባለው የነቀርሳ ማረፊያ ሆስፒታል ገብተው፣ አርፈው፣ የተሻለ ምግብ እየበሉ መድኃኒት ወሰዱ፤ ግማሾቹ በጠባብ የድሃ ቤታቸው ሆነው ያንኑ መድኃኒት ወሰዱ። በ1959 ውጤቱ ሲወጣ ከነቀርሳው የመንጻታቸው ነገር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ዓለም አስተሳሰቡን ለወጠ። ሳናቶሪየም ቀረ፤ ሕክምና ወደ ሕዝቡ ወጣ። በእኛም አገር ሕመምተኛው በቅርብ ክትትል እየታየ የሚታከምበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር ሙከራው የተካሄደው ከአዳማ ብዙም በማይርቀው በአርሲና በባሌ ነበር። በዚህ መንገድ የዳነውን ሰው ብዛት ሳስብ የማድራሱን ጥናት ከማመስገን በቀር የምለው የለኝም። ሁሉም ሰው የአዲስ አበባውን ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል አልጋ ይጠብቅ ቢባል ኖሮ አርሲ ባዶዋን ትቀር ነበር።

ችግሩ ከጥናቱ የወጣው ሰፊ ድምዳሜ ላይ ነው። ጥናቱ በዋናነት የለካው አክታ ውስጥ ባክቴሪያ መኖር አለመኖሩን ነው። ሳናቶሪየም የነበሩት በክብደት መብለጣቸውም እዚያው ተመዝግቧል፤ ግን ብዙ ትኩረት አላገኘም። ባክቴሪያው የጠፋለት ሰው ኩንታል መሸከም ይችላል ወይ፣ ባጃጅ ላይ ውሎ መግባት ይችላል ወይ የሚለው የጥናቱ ዋና ጥያቄ አልነበረም። በሕክምና ወቅት መጀመሪያ የሚመለሰው በአብዛኛው ስብ ነው፤ ጡንቻ ዘግይቶ፣ በፕሮቲንና በእንቅስቃሴ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ጉንጩ ሞልቶ «ድነሃል» የተባለ ሰው አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ደረጃ ሲወጣ የሚቆመው።

በምግብ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በ2016 እ.ኤ.አ. የገመገመው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ተቋም ጽሑፍም ለጥርጣሬ ምክንያት ሰጥቷል፤ ምግብ መስጠት የሟቾችን ቁጥር እንደሚቀንስ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ተቃዋሚዎች ይህን ይጠቅሳሉ፤ መጥቀሳቸውም ልክ ነው። ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ነበሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2023)፣ ከሕንድ ጃርካንድ ግዛት ትልቅ ውጤት ወጣ። 2,800 ሕመምተኞች በየወሩ 10 ኪሎ የሚመዝን አስቤዛ ተሰጣቸው፤ ሩዝ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄትና ዘይት። ሲጀምሩ ግማሽ የሚጠጉት እጅግ የከሱ ነበሩ። በሁለት ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ የጨመሩት የመሞት ዕድላቸው ካልጨመሩት በ61 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለ46 ኪሎ ሰው 5 በመቶ ማለት 2 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። በእርግጥ እዚህ ላይ ጠንቃቃ አንባቢ «ቀድሞውኑ ሕመሙ የቀለለለት ሰው ይሆናል የወፈረው» ሊል ይችላል፤ ሁሉም ሕመምተኛ ምግብ ስለተሰጠው ማወዳደሪያ የለም። እቀበላለሁ። የጥናቱ ሌላኛው ክፍል ግን በዕጣ የተከፋፈለ ነበር። ከሕመምተኞቹ ጋር ከሚኖሩ ከ10 ሺሕ በላይ ሰዎች ውስጥ በየነፍስ ወከፍ 5 ኪሎ ሩዝና ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ በተሰጣቸው ቤተሰቦች አዲስ የሚያዘው ሰው በ39 በመቶ ቀነሰ። ይህን በሕመም መቅለል ማሳበብ አይቻልም።

ቦሎቄው እዚሁ እያለ

ምግብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሥጋ ነው፤ ሥጋ ደግሞ ዋጋው ስለማይቀመስ «አቅም የለኝም» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ያሳዝናል። ከወንጂ ማዶ፣ አዋሽ መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የቦሎቄ ዝርያዎችን ሲያወጣ የኖረ ነው። ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ ያለው ገበሬ ነጩን ቦሎቄ ይዘራል፤ አዳማ መጋዘን ይገባል፤ ይበጠራል፤ በጅቡቲ በኩል ውጭ አገር ይሄዳል። 100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። እኛ ግን የውጭ ምንዛሪ እህል ብለን ስለምናየው ይሆናል፣ ለታመመ ሰው ስናስብ ቦሎቄ ትዝ አይለንም። ማታ ተዘፍዝፎ ያደረ ቦሎቄ በሽንኩርትና በዘይት ወጥ ሆኖ ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ «ፕሮቲን» ስትል የምታወራው ነገር ነው። ሽሮም እንዲሁ። ባቱ አካባቢ ላለ ሰው ቆሮሶ ዓሣ አለ። ኦቾሎኒውማ መናኸሪያ በር ላይ ነው የሚሸጠው፤ ለከሱ ሕፃናት የሚሰጠው ፕላምፒናት እንኳ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራ ነው።

የምግቡ አሠራርም ቦታ አለው። ለታማሚ የምናቀርበው አጥሚት ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢገባበት 120 ኪሎ ካሎሪ ይጨምራል፤ የኦቾሎኒ ዱቄት ቢበጠበጥበት ደግሞ ሌላ መጠጥ ይሆናል። ቡላም ቢሆን ጉልበት ይሰጣል፤ ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ወተት ወይም እንቁላል ካልታከለበት ለብቻው አይበቃም። ትልቅ ትሪ ፊት ለፊት አስቀምጦ «ጨርስ» ማለት ፍላጎት የሌለውን ሰው ያስመርራል። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማቅረብ ይሻላል፤ ኪሱ ውስጥ ቆሎና ኦቾሎኒ ቢኖር ደግሞ መልካም።

ማንም የማያወራው አንድ ነገር ጠዋት ላይ ይደርሳል። ክኒኑ በባዶ ሆድ ይዋጣል ተብሏልና ሕመምተኛው ሲነሣ ይውጠዋል፤ ወዲያው ያቅለሸልሸዋል፤ ቁርስ ሳይበላ ምሳ ይደርሳል። በዚህ ዓይነት በሳምንት ሰባት ቁርስ ያልፋል። ማቅለሽለሽ ሲበረታ ክኒኑን ከትንሽ ምግብ ጋር ወይም ማታ ከመተኛት በፊት መውሰድ በሕክምና መመሪያም የተፈቀደ ነው፤ ባለሙያውን ጠይቆ ሰዓት መቀየር እንጂ ቁርስ መተው መፍትሔ አይደለም። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። ሽንት ቀይ ብርቱካናማ መሆኑ ግን ከሪፋምፒሲን ነው፤ አያስደነግጥም።

ከሰዓት በኋላ የሚቃመውን ጫት ደግሞ በጨዋነት ማለፍ አልፈልግም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው በዚህ መስመር ላይ ስንት እራት እንደሚያስቀር የሚያውቅ ያውቀዋል። ጾምን በተመለከተም ታማሚው ብቻውን አይወስን፤ የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ሙስሊሙም የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ጊዜ እንዲያካክስ ቁርኣን መፍቀዱን ያውቃል። ጥሬ ወተትን ግን እቃወማለሁ። በአገራችን ከከብት የሚመጣው ነቀርሳ በሰው ላይ የሚገኘው ጥቂት መሆኑ ቢታወቅም፣ የተዳከመን ሰው ብሩሴሎሲስ ላይ መጣል ምን ጥቅም አለው? ይፈላ፤ ፕሮቲኑ የትም አይሄድም።

ራሽን ቢሰጠው ይሸጠዋል የሚሉት

ያልኩት ሁሉ ጥቂት ገንዘብ ላለው ቤት ይጠቅማል። ለሌለው ግን ምክር ነው፤ ምክርን ደግሞ ከላይ ተችቻለሁ። እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። «ምግብ ከተሰጠ ለልጆቹ ያካፍለዋል፣ ወይም ይሸጠዋል» ይባላል። ያካፍለዋል፤ አባት ልጁ እያየው ብቻውን ኦቾሎኒ የሚበላበት ቤት የለም። ፕላምፒናት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያየ ሰውም መሸጡን አይክድም። ጃርካንዶች ግን ችግሩን ያለፉት ታማሚውን በመቆጣጠር ሳይሆን ለቤተሰቡም አብሮ በመስጠት ነው፤ ያ ድርሻ ደግሞ አዲስ የሚያዘውን ሰው ቀንሷል። «ሰው ራሽኑን ለማግኘት ሲል መዳን አይፈልግም» የሚለውን ሙግት በቁም ነገር ለመውሰድ እቸገራለሁ፤ በቀን ሦስት ክኒንና ሌሊት ላብ ለ10 ኪሎ አስቤዛ የሚለውጥ ሰው አላውቅም። ለማንኛውም ድጋፉ ከሕክምናው ጋር አብሮ የሚያበቃ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ የነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም የውጭ ዕርዳታዋን ስታቆም የጤናው ዘርፍ ምን ያህል በሰው እጅ እንደነበረ ሁላችንም አየን። ስለዚህ አዲስ የዕርዳታ ፕሮጀክት ይምጣ አልልም። ኤችአይቪ ላለባቸው የከሱ ሰዎች በማዘዣ የሚሰጥ ምግብ ለዓመታት ሲመጣ የነበረው በለጋሽ ገንዘብ ነው፤ ነቀርሳ ብቻ ያለበት ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ከዚያ ይልቅ ያለውን መንገድ መጠቀም ይቻላል። የከተማ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2016 በ11 ከተሞች ሲጀመር አዳማ አንዷ ነበረች። ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጥ ቀጥተኛ ድጋፍ አለው። መድኃኒት የጀመረና የከሳ የነቀርሳ ሕመምተኛ ለስድስት ወር መሥራት የማይችል ሰው ነው። በጤና ጣቢያው ደብዳቤ ለስድስት ወር ብቻ እንዲገባ ማድረግ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም። ሕንድም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ በባንክ ሒሳቡ 500 ሩፒ በየወሩ ስትልክ ቆይታ በ2024 ወደ 1,000 አሳድጋዋለች፤ ድሃ አገር አይችልም የሚለውን ይህ ያቀልለዋል። ገንዘብ ወይስ እህል የሚለው ላይ እኔ ወደ እህል አዘነብላለሁ፤ ዋጋ በየሳምንቱ በሚቀያየርበት ገበያ በብሩ የሚገዛው አስቤዛ እያነሰ ይሄዳልና፤ ቦሎቄውንም ከአዳማ መጋዘን መግዛት ይቻላል።

ይህ መንገድ አንድ ቀዳዳ አለው። ሴፍቲኔት ነዋሪ ነኝ የሚል መታወቂያ ይጠይቃል። በዚህ መስመር ነቀርሳ የሚበረታበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣ፣ አራት አምስት ሆኖ አንድ ክፍል የተከራየ፣ የቀበሌ መታወቂያ የሌለው የቀን ሠራተኛ ነው። ክኒኑን ሲሰጠው ጤና ጣቢያው መታወቂያ አልጠየቀውም፤ አስቤዛውም በዚያው የሕክምና ካርድ፣ በዚያው መስኮት፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ኪሎ እየታየ ሊሰጠው ይገባል።